«ለእርዳታ ነው የምትመዘግቢን?» በወሎ ባህል ሳጠና ያለፍኩበት

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት የሰበሰብኩት መረጃ አብዛኛው ልክ አልነበረም። ማንም ክፉ አስቦ አልዋሸኝም። ጥፋቱ የእኔ አመጣጥ ነው።

ጊዜው 2004 ዓ.ም.፣ ወሩ ጥቅምት ነው። ለአንትሮፖሎጂ ማስተርስ መመረቂያዬ ስለ ቅሬ ላጠና ቃሉ ወረዳ ገባሁ። ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ ሲወረድ ከአስፋልቱ ገባ ያለች፣ ማሽላ የሚዘራባት ቆላማ መንደር ናት። ቅሬ ማለት ሌላው አገር እድር የሚለው ነው። ሰው ሲሞት መቃብር የሚቆፍረው፣ ለቅስተኛ የሚያበላው ቅሬው ነው። ጎረቤት ሲጣላም መጀመሪያ የሚሰማው እሱ ነው። ደሴ ተወልጄ ስላደግሁ ወሎን አውቃለሁ ብዬ ነበር የሄድኩት።

ትልቅ ደብተር ይዤ ቤት ለቤት መዞር ጀመርኩ። ስንት ቤተሰብ አለ? ስንት ከብት? ስንት ጥማድ መሬት? ሁሉም ቤት ልጅ በብዛት አለ፤ ከብት ግን የለም። አንዲት እናት ጠዋት «አምስት ልጆች አሉኝ» አሉኝ። ከሰዓት ቡና ላይ ተገናኘንና ስለ ልጆቻቸው ሲያወሩ ሁለት ብቻ ናቸው። አንድ አባት «አንዲት ፍየል እንኳ የለኝም» ባሉ ማግስት ሁለት በሬ ሲነዱ መንገድ ላይ አገኘኋቸው። በጣም ደነገጡ። እኔም አብሬ ደነገጥኩ።

ማታ ላከራዩኝ እናት ነገርኳቸው። እማማ ነበር የምላቸው። እጣኑን ፍሙ ላይ እያደረጉ ሰሙኝና «አንቺ ልጅ፣ ለእርዳታ ነው ወይ የምትመዘግቢን?» አሉኝ። አይደለም አልኳቸው። «እንግዲያስ ለምንድን ነው የምትቆጥሪን? እኛን ደብተር ይዞ የመጣ ሁሉ የሚቆጥረን ለእህል ነው። በሰባ ሰባትም እንዲህ ተቆጥረናል።»

እዚህ ላይ ቆም ማለት አለብኝ፤ ወሎ ላይ መሥራት የሚፈልግ ሰው ከሁሉ በፊት ሊያውቀው የሚገባው ይሄንን ነውና። ወሎ በ1965 እና 66 ተራበ። በ1977 ደግሞ ከዚያ የባሰ መጣ። ያኔ ስምህ መዝገብ ላይ መግባቱና አለመግባቱ የሞትና የሽረት ጉዳይ ነበር። በዚያው ዘመን ሌላም መዝገብ ነበር፤ የሰፈራ። ብዙ ሰው ከወሎ ተነስቶ ወደ ወለጋ፣ ወደ መተከልና ወደ ጋምቤላ ተወስዷል። ወዶ የሄደ አለ፣ ሳይወድ የሄደም አለ። ከ1997 ወዲህ ደግሞ ሴፍቲኔት የሚባለው የእህልና የብር ድጋፍ መጣ፤ እሱም በቤተሰብ ቁጥር ነው የሚሠራው። ስለዚህ በዚህ አገር ደብተር እህልም ያመጣል፣ ከአገር ያስነቅላልም። ደብተር የያዘ እንግዳ ፊት እውነቱን ዘርግፎ የሚናገር ቤተሰብ ልጆቹን የማያስብ ነው። ውሸት ያልኩት ነገር ጥንቃቄ ነበር።

ሦስቱን ሳምንት ሰረዝኩት። አማካሪዬ በስልክ «ፊልድ ላይ ያለሽው ለስንት ጊዜ ነው?» አሉኝ። ስድስት ወር አልኳቸው። «አንዱን ወር ምንም ሳትጠይቂ ኑሪበት» አሉኝ። ከሰማኋቸው ምክሮች ሁሉ የጠቀመኝ ይህ ነው። ክፍል ውስጥ ስለ አንትሮፖሎጂስቱ ማሊኖቭስኪ ተምረናል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዓመታት በፓስፊክ ውቅያኖስ ባሉት ትሮብሪያንድ ደሴቶች ድንኳን ተክሎ፣ የነዋሪዎቹን ቋንቋ ለምዶ፣ አብሯቸው ውሎ አድሮ ነው ያጠናቸው። የእኛ ሙያ «ተሳታፊ ምልከታ» የሚለው ነገር ከዚያ ወዲህ ነው መደበኛ ዘዴ የሆነው። ለፈተና በደንብ ሸምድጄዋለሁ። ትርጉሙ የገባኝ ግን ደብተሬን ሻንጣ ውስጥ ከትቼ እማማ ጋር ውሃ ስቀዳ ነው።

ያ ወር የማሽላ አጨዳ ደረሰ። ጅጌ ወጣሁ። አንዱ ቤት ሰው ይጠራል፣ ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ ያጭድለታል፣ እሱ ያበላል። ነገ ደግሞ ለሌላው። እኔ ማጨድ ስለማልችል ከሴቶቹ ጋር ምግብ አመላልስ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ሰዎች «ተማሪዋ» ማለት ትተው «የእማማ ልጅ» ይሉኝ ጀመር። ቡና ሲጠሩ እኔንም ይጠራሉ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪያልቅ መቀመጥ ግዴታ ነው። ከአቦል በኋላ የተነሳ ሰው ወሬውን አያገኝም፤ ቁም ነገሩ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በረካው ላይ ነው። ሰው ከጠገበ፣ ጭሱ ከቀለለ፣ ልጆቹ ከወጡ በኋላ።

በዚሁ መሃል አንድ ሰርግ ነበር። ባለሰርጉ ሙስሊም ናቸው። ከሁለት ቀን በፊት ክርስቲያን ጎረቤታቸውን አስጠርተው አንድ ሙክት ሰጧቸው። «ለወገኖችህ አንተ ባርከህ እረድ» አሏቸው። ሰውየው ከቤታቸው ቢላ፣ ድስት፣ ማማሰያ፣ ጭልፋ ሳይቀር ይዘው መጡ። ድስቱ ራሱ መለየት አለበት፤ የሙስሊሙ ቤት ድስት አይሆንም። ከጓሮ ሁለት ቦታ ጉልቻ ተጎለተ፣ በመሃሉ ሃያ እርምጃ ያህል ክፍተት ተተወ። አንዲት የ10 ዓመት ልጅ ጭልፋ ይዛ ከአንዱ ወደ ሌላው ልትሄድ ስትል ሦስት ሴቶች በአንድ ድምፅ «ተይ!» አሏት። ልጅቷ ጭልፋውን አስቀምጣ ባዶ እጇን ሄደች።

ይህን ያየሁት እዚያው ቆሜ ነው። በቃለ መጠይቅ «ክርስቲያንና ሙስሊም እንዴት ነው የምትኖሩት?» ብትሉ ወሎ ውስጥ መልሱ አንድ ነው። «ተዋደን፣ ተፋቅረን፣ ተጋብተን ነው የምንኖረው።» እውነት ነው፤ ግን ሰው ሁሉ የሚለው ስለሆነ ምንም አያስተምርም። ፍቅሩ ሥራ እንዳለው ያወቅሁት ከድስቱ ነው። ሰው አስቦ፣ ቀድሞ፣ ገንዘብ አውጥቶ፣ ልጅ ተቆጥቶ ነው የሚያቆየው። የቴሲሴ፣ ማለትም የመመረቂያ ጽሑፌ፣ ትልቁ ምዕራፍ ከዚያ ጓሮ ወጣ። ጀማሪ ሁሉ እባካችሁ ሰርግና ለቅሶ አያምልጣችሁ። ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ስትበሉም አይደለም፤ ጓሮ ሂዱ።

ማስታወሻ አያያዝ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ማንም በደንብ አያስተምረውምና። ቀን ላይ መዳፍ የምታክል ደብተር ብቻ ነበር የምይዘው። እሷንም ሰው ፊት አላወጣትም፤ ጥግ ስይዝ ሦስት አራት ቃል እጽፍባታለሁ። «ድስት፣ 20 እርምጃ፣ ተይ።» በቃ። ማታ ሳልተኛ ትልቁ ደብተር ላይ አሰፋዋለሁ። «ነገ እጽፈዋለሁ» ያልኩት ነገር ሁሉ ጠፍቷል። ገጹን ለሦስት እከፍላለሁ። በአንዱ ዓይኔ ያየውን፣ በሁለተኛው ሰው ያለውን በራሱ አነጋገር፣ በሦስተኛው እኔ የመሰለኝን። ሰውየው «አብሽሪ» ካሉ «አብሽሪ» ብዬ እጽፋለሁ፤ «አይዞሽ» ብዬ አላስተካክልም። ሦስቱ ከተደባለቁ ከዓመት በኋላ የትኛው የሕዝቡ፣ የትኛው የራሴ እንደሆነ መለየት አልችልም። መቅጃ ያወጣሁት በሦስተኛው ወር ነው፣ ያውም አስፈቅጄ። «ይህቺን ነገር ዝጊያት» ካሉኝ ወዲያው እዘጋለሁ፤ ከተዘጋ በኋላ የተባለውንም አልጽፍም።

ፈቃድን በተመለከተ፦ ከዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ ይያዛል፣ ከዚያ ዞን፣ ከዞን ወረዳ፣ ከወረዳ ቀበሌ። በእያንዳንዱ ደረጃ ክብ ማህተም ያስፈልጋል። አንድ ቢሮ ላይ ዘጠኝ ቀን ተመላልሻለሁ፤ ፈራሚው ስብሰባ ነበሩ። ጊዜ መድቡለት። ነገር ግን የቀበሌው ማህተም የሰዉ ፈቃድ አይደለም። ዩኒቨርሲቲው የስምምነት ቅጽ ላይ አስፈርሚ ብሎኝ ነበር። ቀደም ብዬ በነገርኳችሁ ምክንያት ፊርማ እዚያ ያስፈራል። ስለዚህ በቃል እንዲሆን ጠይቄ ተፈቀደልኝ። በቅሬው ስብሰባ ላይ ተነስቼ አራት ነገር ተናገርኩ። «የመጣሁት ለትምህርቴ ነው። እህልም ብርም አላመጣም፣ የማንንም ስም ለማንም አልሰጥም። መናገር ያልፈለገ አይናገር።» አንድ ሽማግሌ ተነሱና «ምንም ካላመጣሽ እንግዲህ እንግዳችን ነሽ» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የልጅም የከብትም ቁጥር ተስተካከለ።

እኚህን ሽማግሌ ሁሉም ሸህዬ ነው የሚላቸው። አበጋር ናቸው። አበጋር ማለት ወሎ ውስጥ ደም ሲፈስ፣ ወሰን ሲገፋ የሚያስታርቅ፣ ከአባት ለልጅ የሚወረስ የሽምግልና ቦታ ነው። ሸህዬ የዝምድና ሠንጠረዥ ያሠሩኝ ሰው ናቸው። በትምህርታችን ወንድ በሦስት ማዕዘን፣ ሴት በክብ ትሳላለች፣ ጋብቻ በሁለት ትይዩ መስመር። ወረቀት ዘርግቼ ስስል ሸህዬ አልጣማቸውም። «ይሄ የቀበሌ ወረቀት ይመስላል» አሉ። እማማን ጠርተው አንድ እፍኝ ባቄላና አንድ እፍኝ ሽምብራ አስመጡ። ሰሌኑ ላይ ባቄላው ወንድ፣ ሽምብራው ሴት ሆነ። አያታቸውን አስቀመጡ፣ ከሥር ልጆቻቸውን ደረደሩ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ አንዷን ሽምብራ ወደ ቀኝ ገፋ አድርገው «ይቺ ለአምባሰል ሰው ተዳረች፣ ክርስቲያን ናት» አሉ። የእሷ ልጆች ግማሾቹ ወዲህ፣ ግማሾቹ ወዲያ ናቸው። ያን ሰዓት የመጠይቄ አንድ ጥያቄ ትዝ አለኝ። «የቤተሰቡ ሃይማኖት፦ አንዱን ምረጥ» ይላል።

ረድፉ ሲያልቅ አንዲት ሽምብራ በእጃቸው ቀርታለች። አገላበጧት። «ይቺንስ የት ላድርጋት?» አሉ። ማናት አልኳቸው። በሰባ ሰባት፣ መንገድ ላይ ሳሉ፣ በጀርባቸው አዝለዋት የሞተች ልጃቸው ናት። ሦስት ዓመቷ ነበር። እስከዚያ ቀን ስንት ልጅ ወለዱ ስላቸው አንድም ቀን አልቆጠሯትም፤ ምዝገባ ላይ የሞተ አይቆጠርማ። ከወንድሞቿ መሃል ቦታ ለቀቁና አስቀመጧት። እማማ ቡናውን መቅዳት አቆሙ። ለረጅም ጊዜ ማንም አልተናገረም። እኔም ምንም አልጠየቅሁም፣ ደብተርም አላወጣሁም።

ከዚያ በኋላ ነው ሸህዬ ረሃቡ እንዴት እንደመጣ በቅደም ተከተል የነገሩኝ። መጀመሪያ ምሳ ቀረ። ቀጥሎ ፍየል ተሸጠ። ከዘመድ ብድር ተጠየቀ። በሬው የመጨረሻው ነው። «በሬ የሸጠ ገበሬ አገሩን ሸጠ» አሉኝ። በኋላ ተመራማሪው ደሳለኝ ራህመቶ በአምባሰል ገበሬዎች ላይ የሠሩትን ጥናት ሳነብ ይህንኑ አገኘሁ። ገበሬው እጁን አጣጥፎ እርዳታ የሚጠብቅ ሳይሆን ደረጃ በደረጃ አስቦ የሚታገል ነው። አንትሮፖሎጂስቱ አሉላ ፓንክረስት ደግሞ ከወሎ ተነስተው ወለጋ የሰፈሩት ሰዎች መንደር ተቀምጦ የጻፈው አለ። ሁለቱንም ፊልድ ከመውጣቴ በፊት አንብቤ ቢሆን ኖሮ ያቺን ሦስት ሳምንት አላባክናትም ነበር። ስለ ወሎ እስልምና የታሪክ ምሁሩ ሁሴን አህመድ የጻፉትንም አስቀድማችሁ አንብቡ።

ሴት መሆኔ በሥራው ላይ ስላለው ነገር ብዙ ሴት ተማሪዎች ይጠይቁኛል። አንዳንድ በር ይዘጋል። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሴት አይገባም፤ እዚያ የምፈልገውን ወንድ ባልደረባዬ ነው የጠየቀልኝ። ስሙንም ጽሑፉ ላይ አስገብቻለሁ። ሌላው በር ግን ለእኔ ብቻ ይከፈታል። ሴቶች ለብቻቸው ተሰብስበው ወዳጃ ሲያደርጉ፣ ቡና አፍልተው፣ እጣን አጢሰው ምጥ ላለባት ሴት ዱዓ ሲያደርጉ ወንድ አጥኚ አይገባም። እኔ ግን እየገባሁ ተቀምጬ አድሬአለሁ። ስለዚህ ሁሉንም ለብቻችሁ ልታዩ አትሞክሩ፤ ሁለት ሆናችሁ ሥሩ።

ከተመረቅሁ በኋላ ስላለው ኑሮ ቶሎ ቶሎ ልበል። ሥራ አለ፣ ግን «አንትሮፖሎጂስት ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ እምብዛም አታዩም። ዩኒቨርሲቲ ማስተማር፣ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ፣ ሙዚየም፣ የእርዳታ ድርጅቶች፣ የፕሮጀክት ጥናት። ደመወዙ ከቤት ኪራይ ቢያልፍ በትንሹ ነው። ብር ያለው በአጭር ጊዜ ጥናት ነው፤ «በአሥር ቀን የማኅበረሰቡን ባህል አጥንታችሁ ሪፖርት አቅርቡ» ይባላል። እኔም ሠርቻለሁ፣ ልጅ አሳድግበታለሁ። ነገር ግን በአሥር ቀን የሚታወቀውንና የማይታወቀውን ሪፖርቱ መግቢያ ላይ ለይቼ እጽፋለሁ። አስወጡት ያሉኝ አሉ። አላወጣሁም፤ ሁለት ሥራም አጥቼበታለሁ።

ይህ ሙያ ምን ይጠቅማል ለሚሉኝ አንድ የመንገድ ሥራ ጥናት እነግራቸዋለሁ። የካሳ ቅጹ ቤት፣ አጥር፣ ሰብልና ዛፍ ይላል። መንገዱ በሚያልፍበት ቦታ አንድ ትልቅ ዋርካ ነበር። ቅጹ ላይ «ዛፍ፣ 1» ተብሎ ገብቷል። እሱ ዋርካ አበጋሮቹ የሚሸመግሉበት ነው፤ ከሥሩ ብዙ የደም ዕርቅ ተፈጽሟል። ከመንደሩ ሰዎች ጋር ሦስት ቀን ተቀምጠን ይህን ጻፍን፣ በካርታ ላይ አሳየን። መሐንዲሱ ጥሩ ሰው ነበር፤ ማንም አልነገረውም እንጂ። መስመሩ ጥቂት ሜትር ዞረ። ዋርካው ዛሬም አለ።

አሁን ደግሞ የሚከብደኝ ነገር። ጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ እንደ ሰው ሁሉ ልጄን ይዤ ወጣሁ። ከወር በኋላ ስመለስ ቤቱ ተበርብሯል። ከደብተሮቼ ሰባቱ የሉም። የአንድ ዓመት ሥራ ነው። አለቀስኩ። ከሐዘኑ የበለጠ ግን ፍርሃቱ ነበር። በእነዚያ ደብተሮች ውስጥ ሰዎች ለእኔ ብቻ ያሉት ነገር አለ፤ ማን ከማን ጋር እንደተጣላ፣ ማን ማንን እንደሚፈራ። እንቅልፍ የወሰደኝ አንድ ነገር ሳስታውስ ነው። ከመጀመሪያው ጀምሮ ስም አልጽፍም ነበር። «ቤት 14፣ እናት» እላለሁ። ቁጥሩን ከስም የሚያገናኘው አንድ ወረቀት ለብቻው፣ ሌላ ከተማ፣ እህቴ ጋ ነበር። አስተማሪዬ ይህን ሲያዙን የወረቀት ሥራ ማብዛት ይመስለኝ ነበር። እባካችሁ ከመጀመሪያዋ ገጽ ጀምራችሁ አድርጉት። ገጹንም በየሳምንቱ በስልክ አንሱትና ሌላ ቦታ አስቀምጡ፣ ስሙን ግን ከእሱ ጋር አታድርጉ።

ሌላ ልነግራችሁ የምፈልገው መመለስን ነው። አብዛኞቻችን ጽፈን፣ ተመርቀን እንቀራለን። መንደሩ እኛን ቀልቦ ምን እንደጻፍን አያውቅም። እኔም ሁለት ዓመት ቆይቼ ነው የተመለስኩት፤ ያ መቆየት እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ቴሲሱ በእንግሊዝኛ ስለነበር ዋናውን በአማርኛ 30 ገጽ አድርጌ ጻፍኩትና በቅሬው ስብሰባ ላይ አነበብኩላቸው። ሁለት ቦታ ላይ አረሙኝ። አንደኛው የቅሬው መዋጮ የሚሰበሰብበትን ቀን ተሳስቼ ነበር። ሁለተኛው ከበድ ይላል። ስለ አንድ ዕርቅ የጻፍኩት ስም ባይኖረውም የሚያውቅ ያውቀዋል አሉ። ከዚያ በኋላ በታተመው ጽሑፍ ላይ አወጣሁት። አስቀድሜ ባነብላቸው ኖሮ መጀመሪያውኑ አይገባም ነበር። አሁን ለማንም ከመስጠቴ በፊት መንደር ሄጄ ነው የማነበው።

ሸህዬ ያን ቀን ዝም ብለው ሲሰሙ ቆዩ። ሰዉ ሲበተን ጠሩኝ። ዓይናቸው ስለደከመ ገጹን ወደ ፊታቸው አስጠጉና «ልጅቷስ ገብታለች?» አሉኝ።

የዝምድናውን ሠንጠረዥ ገልጬ አሳየኋቸው። ከወንድሞቿ መሃል አንዲት ትንሽ ክብ አለች፣ ስም የላትም። ጣታቸውን ይዤ አስነካኋቸው። እማማ ቡናው ቀረበ ብለው እስኪጠሩን ጣታቸውን ከዚያ አላነሱም።